ምላሱን ይዞ ነው የመጣው

ጥቅምት 3

አባዬ፣

እንዴት ከረምክ? ጉንፋኑስ ለቀቀህ? እኔ ደህና ነኝ፤ ከብርዱ በቀር የሚያማርረኝ ነገር የለም። ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ቤተ ሙከራ ውስጥ የአንድ በጎ ፈቃደኛ ምላስ ላይ ሰማያዊ ቀለም እየቀባሁ ነበር። ቀለሙ የምላስን ጉብታዎች ለመቁጠር ይረዳናል። ሰውየው ፖስታውን አይቶ ምላሱን እንዳወጣ "ከማን ነው?" ለማለት ታገለ። "ከአባቴ፤ የወይን ጠጅ ፋብሪካ ዋና ቀማሽ ነው" ስለው በድንጋጤ ምላሱን ሰበሰበና ከንፈሩ ሁሉ ሰማያዊ ሆነ። ዝናህ እዚህም ደርሷል ማለት ነው።

ሽታ ስላጣው የሥራ ባልደረባህ የጠየቅኸኝ ጥያቄ ቀላል አይደለም። ሰው "ጣዕም" ብሎ የሚጠራው አብዛኛው ነገር ያለው አፍንጫ ውስጥ ነው። ምላስ በራሱ የሚያውቀው ጥቂት ነው፦ ጣፋጭ፣ ጎምዛዛ፣ ጨዋማ፣ መራራ፣ ደግሞ የሥጋ መረቅ ሲጠጣ አፍ የሚሞላው ያ ስም ያጣንለት ጣዕም። እንጆሪ ይሁን ፕሪም፣ ምላስ አይለይም። አፍንጫ የኋላ በር አለው። ስናኝክና ስንውጥ ሽታው በጉሮሮ ጀርባ ሽቅብ ይወጣል፤ አንጎል ደግሞ "ይሄ ከአፍ የመጣ ነው" ብሎ ሽልማቱን ለምላስ ይሰጣል። ምላስ በሰው ላብ የሚከብር ሹም ነው በለው። ስለዚህ ባልደረባህ ሽታ ቢያጣም ምላሱ አልሞተም። ብቻውን ቀርቶ ነው።

ሌላም ልናገር፣ አትቆጣ። ለተለማማጆች የምትስለው የምላስ ካርታ፣ ጫፉ ለጣፋጭ፣ ጎኑ ለጎምዛዛ፣ ጀርባው ለመራራ የሚለው፣ ስህተት ነው። ሁሉም ቦታ ሁሉንም ይቀምሳል።

ባልደረባህን የጀመረው መቼ ነው? በስልክ ብንነጋገር ይቀል ነበር፤ አንተ ግን ስልክ ለመርዶ ነው ትላለህ።

ልጅህ

ጥቅምት 21

ለምላስ ሐኪሟ ልጄ፣

መልስ ስላዘገየሁ ይቅር በይኝ። ሥራ ነው ልልሽ ነበር፤ እውነቱ ግን ተቆጥቼ ነው። ዕድሜ ልኬን ያስተማርኩትን ካርታ በአንድ መስመር ሰረዝሽው! ከዚያ መስተዋት ፊት ቆምኩና በማንኪያ ጫፍ አንዲት የሎሚ ጠብታ ምላሴ ጫፍ ላይ፣ በአንቺ አባባል ሳይሆን በእኔ ካርታ የጣፋጭ አገር ላይ፣ አስቀመጥኩ። ዓይኔ ተጨፈነ። የብርቱካን ልጣጭ ነጩን አስከተልኩ፤ እሱም እዚያው መረረኝ። በማግስቱ ካርታውን ከግድግዳው አወረድኩት። ተለማማጆቹ "ምነው ጋሼ?" ሲሉኝ "ድንበሩ ፈርሷል" አልኳቸው።

ባልደረባዬን ከጉንፋን በኋላ ነው የጀመረው። ደህና ነው፤ ይሠራል፣ ይበላል። የሚበላው ምን እንደሆነ ግን ሳህኑን አይቶ ነው የሚያውቀው። አንዳንዴ ያሳዝነኛል።

እዚህ ሁሉም ሰላም ነው። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ባለፈው እሁድ በሬን ሊሰብረው ነበር፤ "ጋዝ! ጋዝ!" እያለ። ምድጃዋ ለካ ሳትዘጋ ቀርታለች። እኔ እዚያው ማድ ቤት ጋዜጣ እያነበብኩ ነበር። ሰውየው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መስኮቱን ሁሉ ከፋፈተና በረንዳ ላይ ተቀምጦ ውሃ ጠየቀኝ። ሳቅሁበት። ድንጉጥ ነው።

በፋብሪካው የታኅሣሥ ቅምሻ እየመጣ ነው። በረዶ የወይን ማሳውን ከመታው ወዲህ ያለነው በአንድ ደንበኛ ተስፋ ነው፤ ለሆቴሎች የሚገዛው ሰውዬ ራሱ ሊቀምስ ይመጣል። ካልወደደው የታችኛው ምድር ቤት ይዘጋል፤ እዚያ የሚሠራውን ሰው ሁሉ ታውቂያለሽ። ምርጫውን የምንሰጠው እኔና ሁለተኛዋ ቀማሽ ወይዘሮ እሬት ነን። ስሙን እኔ እንዳወጣሁላት አልረሳሽም፤ ማር ብትሰጫትም ይመራታል። እንደ ድሮው እየተነታረክን ነው።

አባትሽ

ኅዳር 6

አባዬ፣

ልብስ ሰፊውን ከልብ አመስግንልኝ። ድንጉጥ አይደለም። በዚህ እንዳትከራከረኝ።

ከዚህ ጋር ትንሽ ሳጥን ልኬያለሁ። አራት ጠርሙስ አለባት፦ ሎሚ፣ ቅርንፉድ፣ ጽጌረዳ፣ ባሕር ዛፍ። ባልደረባህ ጠዋትና ማታ ያሽታቸው። ዝም ብሎ መማግ አይደለም፤ ሎሚውን ሲያሸት ሎሚን ያስብ፣ ሲላጥ ጣት ላይ የሚረጨውን ፍንጥቅጣቂ ጭምር። የሽታ ነርቭ ከተጎዳ በኋላ መልሶ ሊያቆጠቁጥ የሚችል ነገር ነው፤ ሁልጊዜ ባይሆንም። ወራት ይፈልጋል። ከዚያ በፊት ግን የአንገት በላይ ሐኪም ይየው። ቤቱ የጋዝ ምድጃ ካለ በኤሌክትሪክ ይቀይረው። ብቻውን የሚኖር ከሆነ ዛሬውኑ ይቀይረው።

ትንሿ ፖስታ ውስጥ ያሉት ቁርጥራጮች የምሬት ወረቀት ይባላሉ። ምላስ ላይ ሲቀመጡ ለአንዱ ሰው ወረቀት ናቸው፣ ለሌላው ሐሞት። ልዩነቱ የልምድ ወይም የትምህርት አይደለም፤ እንደ ዓይን ቀለም ከእናት ካባት የሚወረስ ነው። አንዱን አንተ ቅመስ፣ አንዱን ለወይዘሮ እሬት ስጣት። ውሃ አጠገቧ ይሁን።

ለባልደረባህ ደግሞ መልእክት አለኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ እንደሱ የማደንቀው ሰው የለም በልልኝ። አንድ ነገር ጎደለብኝ ብሎ ከእኔ የሚደበቅበት ምክንያት የለውም በልልኝ።

ልጅህ

ኅዳር 24

ልጄ፣

መልእክትሽን ለባልደረባዬ አደረስኩ። እንደ ሕፃን አለቀሰ። ከዚያ ፊቱን ታጠበና ይህን ደብዳቤ መጻፍ ጀመረ።

አንቺን ማስጨነቅ አልፈለግሁም፤ እሱ አንዱ ነው። ሌላው፣ ወረቀት ላይ ካሰፈርኩት እውነት እንዳይሆን ፈርቼ ነበር። ጉንፋኑ ሲለቀኝ ሽታዬን ይዞት ሄደ። ምድር ቤት ስወርድ የእርጥብ ድንጋዩና የበርሜሉ ጠረን ከደረጃው መሃል ጀምሮ ይቀበለኝ ነበር። አሁን አፉ እየተንቀሳቀሰ ድምፁ የማይሰማ ሰው ፊት የቆምኩ ይመስለኛል። ሐኪሙ "ሊመለስ ይችላል፤ ላይመለስም ይችላል" አለኝ። ለዚህማ ልብስ ሰፊው ይበቃኝ ነበር። ምድጃዋን ቀይሬያለሁ።

ወረቀቱን ለወይዘሮ እሬት ሰጠኋት። አፏ ውስጥ ከመግባቱ ወደ መትፊያው ባልዲ ሮጠች። "ምን አድርጌህ ነው መርዝ የምታጎርሰኝ!" አለች፤ ማሰሮ ውሃ ጨረሰች። እኔ የራሴን ምላሴ ላይ አድርጌ እየጠበቅሁ ነበር። ምንም። የትምህርት ቤት ደብተር የማላመጥ ያህል ነው። እሷ ፊቴን ታያለች፣ እኔ ፊቷን። "ይሄ ወይን ይመራል" ስትለኝ፣ "ወይኑ አይደለም፣ አንቺ ነሽ መራራዋ" ስላት የኖርኩት ሁሉ ትዝ አለኝ። እሷም እውነቷን ነበር፣ እኔም እውነቴን። በአንድ አፍ ልንዳኝ የሞከርነው በሁለት ዓይነት ምላስ ነው። ይህን ስነግራት "እና ስሙን ልታነሳልኝ ነው?" አለችኝ። "አይ፣ አሁንማ ማዕረግ ሆነ" አልኳት።

ይህ የሳቁ ክፍል ነው። የቀረው አያስቅም። እስካሁን ያዘለቀኝ ሌሎቹ ቀድመው ሲናገሩ ፊታቸውን እያነበብኩ መከተል ነው። አፍንጫ ሳይኖር ዋና ቀማሽነት ሳል ይዞ ስርቆት ነው። ስለዚህ ነው አንድ ጥያቄ ለብቻው ወረቀት ላይ ጽፌ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ያኖርኩልሽ። እንዳትመጪ ግን። ሥራሽን ትተሽ ከመጣሽ በር አልከፍትም።

አባትሽ

ታኅሣሥ 8

አባዬ፣

ለብቻው የጻፍከውን አንብቤዋለሁ። ዝም ብዬ ልቀመጥ ወይስ ሰበብ ፈጥሬ ሥራውን ልልቀቅ ብለህ ሁለት በር ብቻ አሳየኸኝ። ሦስተኛውን እኔ አላሳይህም፤ ራስህ ታውቀዋለህ። የምችለው ሥራዬ ያስተማረኝን መንገር ነው።

ለሰዎች ሁለት ኩባያ ውሃ እንሰጣለን፤ ስኳሩ እኩል ነው። አንዱ ላይ ጥቂት የቫኒላ ሽታ እንጨምራለን። ቫኒላ በራሱ ምንም ስኳር የለውም፤ ብዙዎቹ ግን "ይሄ ይበልጥ ይጣፍጣል" ይሉናል። አይዋሹም። አንጎል ቫኒላን ከኬክና ከከረሜላ ጋር አብሮ ስላወቀው፣ ሽታው ሲመጣ ጣፋጭነቱን አብሮ ይጠራዋል። አፍንጫ ምላስን ያሳምነዋል። አፍንጫው የተዘጋ ሰው ግን አይታለልም። በዚህ ብቻ እንኳ አንተ ዛሬ ከብዙ ሰው ትለያለህ። የሚያጽናና ቃል ፈልጌ የጻፍኩት እንዳይመስልህ፤ በየሳምንቱ የማየው ነው።

ደግሞ ቀይ ወይን ድድን ጭምድድ ሲያደርግ የምታውቀው ነገር ጣዕም እንኳ አይደለም፤ መዳሰስ ነው። ወይኑ የምራቃችንን ማለስለሻ ስለሚይዘው አፋችን ይሻክራል። የአልኮሉ ሙቀት፣ የወይኑ ውፍረትና ቅጥነት፣ ይህ ሁሉ የምላስና የድድ ጉዳይ ነው። አልተነካብህም።

ትንሽ ሆኜ ጠረጴዛ ላይ የውሃ ብርጭቆዎች ትደረድርልኝ ነበር። አንዱ ውስጥ ቁንጣሪ ጨው፣ አንዱ ውስጥ ስኳር፣ ሌላው ባዶ ውሃ። እኔ እንደቀመስኩ ስጮህ "አትገምቺ፣ ጠብቂ" ትለኝ ነበር። የመጀመሪያው ጣዕም ሲያልፍ፣ የኋለኛው ሲመጣ፣ ከዋጥኩም በኋላ የሚቀረውን። ሰው አፉ ውስጥ ምን እንደሚከናወን እንዲህ በትዕግሥት የሚጠብቅ ሌላ ሰው አላየሁም። እዚህ ፕሮፌሰሮች አሉ፣ መሣሪያ አለ፤ እኔ ግን ይህን ሥራ የወደድኩት ያኔ ያንተ ጠረጴዛ ላይ ነው።

አልመጣም። ብቻ የሆነውን ሁሉ ጻፍልኝ፣ ደግ ይሁን ክፉ።

ልጅህ

ታኅሣሥ 29

ልጄ፣

የሆነውን ሁሉ ጻፍ ብለሻልና ቁጭ ብዬ እየጻፍኩ ነው። አይዞሽ፣ ተርፌያለሁ።

ቅምሻው በላይኛው አዳራሽ ነበር፤ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ፣ ብርጭቆው በረድፍ፣ ባልዲው በየሰው እግር ሥር። ሥራ አስኪያጁ፣ ገዢው፣ ወይዘሮ እሬት፣ የምድር ቤቱ ኃላፊ፣ እኔ። ገዢው ረጅም፣ ቀልድ የሚወድ ሰው ነው። ሥራ አስኪያጁ "እንግዲህ ጋሼ ይጀምሩልን" አለ። ብርጭቆውን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት።

"ከመጀመሬ በፊት" አልኩ፣ "ከታመምኩ ወዲህ አይሸተኝም።"

"እንዴት... ጉንፋን ይዞዎት ነው?" አለኝ ሥራ አስኪያጁ።

"ጉንፋኑ ከሄደ ቆይቷል። ይሄ ብርጭቆ ውስጥ ያለው ወይን ይሁን የአበባ ማስቀመጫ ውሃ፣ አፍንጫዬ አያውቅም።"

ገዢው ሥራ አስኪያጁን አየው። ሥራ አስኪያጁ ጆሮው ቀላ፤ ልጅ ነው፣ የፋብሪካው ዕዳም ጭንቀትም ያለው እሱ ትከሻ ላይ ነው። "ታዲያ ጋሼ፣ ዛሬ ምን ይዘው ነው የመጡት?" አለኝ፤ በቁጣ ሳይሆን በልመና ድምፅ።

ልወጣ ተነሳሁ። ወንበሬን ወደ ኋላ ገፋሁ። ያን ጊዜ ወይዘሮ እሬት ቀና እንኳ ሳትል "ምላሱን ይዞ ነው የመጣው። ይቀመጥ" አለች።

ተቀመጥኩ።

ቀመስን። የመጀመሪያው ተራ ነገር ነበር፤ ሁላችንም አለፍነው። ሁለተኛው ላይ ፊታቸው አልተፈታም። "ዝምተኛ ነው፣ ሽታ የለውም" አለ ገዢው። በእኔ አፍ ግን ሙሉ ነበር፤ ጎምዛዛነቱ ምራቅ ይጠራል፣ ሸካራነቱ ድድን ያዝ አድርጎ ይለቃል፣ ከተፋሁት በኋላም ቆየ። ሦስተኛው ሲቀዳ ግን ሳይቀምሱት ፈገግ አሉ። ከአዲሱ በርሜል ነው፤ አዲስ እንጨት ወይንን መዓዛ ያለብሳል። "ማር ነው!" አለ ገዢው፤ "ቫኒላ፣ ማር፣ ኧረ ጣፋጭ ነው! ይሄው፣ አገኘነው።" የምድር ቤቱ ኃላፊ በደስታ እጁን አፋተገ።

እኔ ቀመስኩት። ጠበቅሁ። ጣፋጭ አልነበረም፣ ልጄ። መሃሉ ባዶ ቤት ነው፤ ገብተሽ የምትቀመጪበት የለውም። መጨረሻው ላይ ደግሞ ቀጭን ምሬት። ተናገርኩ።

ገዢው ሳቀ። "ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ግን አፍንጫ የሌለው ሰው በዚህ ወይን ላይ ይፈርዳል?"

"እውነትዎን ነው፣ ሽታውን አላውቅም" አልኩት። "ስለ ጣፋጭነቱ ግን አፍንጫዎን ይያዙና ይቅመሱት።"

ወይዘሮ እሬት መጀመሪያ አፍንጫዋን በሁለት ጣት ቆነጠጠች። ሥራ አስኪያጁ ተከተለ። ከዚያ ገዢው፣ ያ ረጅም ሰው፣ ክራባቱን አስተካክሎ አፍንጫውን ያዘ። ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ወይን በአፉ እያገላበጠ ዓይን ለዓይን ሲተያይ ብታዪ! ገዢው ዋጠ፤ ዓይኑ ፈጠጠ። "የት ሄደ?" አለ በአፍንጫው። ጣቱን ለቀቀ፤ "ይሄው መጣ!" ደግሞ ያዘ፤ "ሄደ!" እንደ ሕፃን ደጋገመው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ስሚኝ ግን፣ ድል አደረግሁ ብዬ አይደለም የምጽፍልሽ። ሳቁ ሲበርድ ወይዘሮ እሬት "ሽታውም እኮ ውሸት አይደለም፤ እንዲህ ያለ መዓዛ ከዚህ ምድር ቤት ወጥቶ አያውቅም" አለች። እውነቷን ነው። እኔ ብቻዬን ብሆን ሦስተኛውን እደፋው ነበር፤ እነሱ ሁለተኛውን። መስፈሪያ አመጣችና ከሁለተኛው አብዝታ፣ ከሦስተኛው ቀንሳ ደባለቀች። ሰጠችኝ። "ገና ነው፣ መሃሉ ይሳሳል" አልኳት። ጨመረች፣ አሸተተች፣ ራሷን ነቀነቀች። "አሁን ደግሞ መዓዛው ተደበቀ።" ቀነሰች። እንዲህ እየተቀባበልን፣ ሌሎቹ ሲያዩን፣ በመጨረሻ አንድ ላይ ቀና አልን። ብርጭቆውን ለገዢው ሰጠነው።

ገዢው ወሰደው፤ በመጀመሪያ አፍንጫውን ይዞ፣ ቀጥሎ ለቆ። ከዚያ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ወደ ውስጥ ገቡ፤ ሲወጡ ተጨባብጠው ነበር። የታችኛው ምድር ቤት አይዘጋም።

ዋና ቀማሽነቱን አስረክቤያለሁ። ሥራ አስኪያጁ አልጠየቀኝም፤ እኔ ነኝ የጠየቅሁት። ትንሽ ከበደኝ፤ አልዋሽሽም። የምድር ቤቱን ቁልፍ ከቀለበቴ ሳወጣ እጄ ዘገየ። አሁን ዋናዋ ወይዘሮ እሬት ናት፣ እኔ ሁለተኛ። ከአዳራሹ ስንወጣ "ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?" አልኳት። "ብርጭቆ ስታነሳ አፍንጫህን ውስጡ መክተት የተውክ ዕለት" አለችኝ። "ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?" "ራስህ እስክትናገር ነዋ። የሰው ምላስ በሰው አይነገርም።"

ከእንዲህ ያለች ሰው ጋር ዕድሜ ልኬን ስነታረክ ኖሬ፣ ምን ያህል ትልቅ ቀማሽ እንደሆነች ያየሁት ገና አሁን ነው።

አባትሽ

የካቲት 2

ልጄ፣

ደብዳቤዬን ለባልደረቦችሽ ማንበብሽ አሳፍሮኛል፤ ደስም ብሎኛል። ፕሮፌሰርሽ ሊጠይቀኝ የፈለገውን በሚቀጥለው እመልሳለሁ በይልኝ። ጠርሙሶቹን አልተውኩም። ሦስቱ እስካሁን ዝም ናቸው። ቅርንፉዱ ባለፈው ሳምንት እንደ ተቃጠለ ጎማ ሆነብኝ። ለሐኪሙ ስነግረው "ጥሩ ነው፣ ነርቩ እየሞከረ ነው" አለኝ። ጎማ ሸተተኝ ብዬ የምደሰትበት ቀን ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ስለ ወይዘሮ እሬት ለጠየቅሽው መልሱ፣ አይደለም ነው። አንቺ ደግሞ! በዚህ ዕድሜዬ! ብቻ እሁድ ምሳ ጠራኋት። የሥራ ባልደረባ ባልደረባውን ምሳ አይጠራም ወይ?

ዓሣ በቲማቲም ሠራሁ። ጨዉን ሦስቴ ቀምሼ፣ ሎሚውን እየቆጠብኩ ጨምሬ፣ በእኔ ምላስ እንከን የለውም። ቀመሰች፤ እንደ ሥራ ቦታ ጠበቀች። "ጨዉ ልክ ነው። ጎምዛዛነቱም ልክ ነው። ነጭ ሽንኩርቱ የታለ?"

"የማይሸተኝን ምን ብዬ እከትፋለሁ?" አልኳት።

ሹካዋን አስቀመጠች። "እኔ ይሸተኛላ!"

ምን ልበልሽ? ከታመምኩ ወዲህ ብቻዬን የምበላ ሰው ሆኜ ነበር፤ ሰው አጠገቤ ተቀምጦም። ተነስታ በሩ ላይ የተሰቀለውን ሽርጥ ታጠቀች። የት እንዳለ ሳትጠይቀኝ ነጭ ሽንኩርቱን አገኘች፣ ከተፈች፣ ቅጠላ ቅጠል ጨመረች፣ ዓሣውን መልሳ አሞቀችው። እኔ ያሳየኋት አዲሱ ምድጃ እንዴት እንደሚጠፋ ብቻ ነው። ደግመን ተቀመጥን። ጎረስኩ። በእኔ ምላስ ላይ የተለወጠ ነገር የለም፤ ትንሽ ቆንጠጥ ከማድረጉ በቀር። እሷ ግን ስትጎርስ ትከሻዋ ዝቅ አለ፣ ፊቷ ተፈታ።

"ምን ይላል?" አልኳት።

"ነጭ ሽንኩርቱ?"

"ሁሉም።"

ዓይኗን ጨፈነችና የሚሸታትን መንገር ጀመረች። ምግቡ ይቀዘቅዛል ብላ ልትጣደፍ ስትል፣ "ቀስ በይ፣ ይቀዝቅዝ" አልኳት።

አባትሽ